ፓይተን ለቢሮና ለቤት፦ ወሎ ውስጥ በእውነት ሥራ ላይ ያዋላችሁት ካለ አውጉን

የጦሳዋ፦
ሰላም ለዚህ ቤት። ደሴ ነው ያለሁት። ሥራዬ ከየቀበሌው የሚመጣ የሰብል መረጃ መሰብሰብና ሪፖርት ማውጣት ነው። ፕሮግራመር አይደለሁም። ፓይተን የሚባለውን የፕሮግራም መጻፊያ ቋንቋ ግን ከዩቲዩብ ላይ ጀምሬ ሉፕ፣ ሊስት፣ ፋይል መክፈት ድረስ ደርሻለሁ።

ችግሬ ምሳሌዎቹ ናቸው። አንዱ የኒውዮርክ አክሲዮን ዋጋ ይተነትናል። ሌላው እባብ የሚሮጥበት ጌም ይሠራል። እኔ ጠረጴዛ ላይ ያለው ግን በቴሌግራም የተላከ የኤክሴል ፋይል ክምር ነው። አንዱ ቀበሌ ማሽላውን በሄክታር ይጽፋል፣ አንዱ በጥማድ። የሰው ስም አጻጻፉማ አይነሳ።

ጥያቄዬ አጭር ነው። እዚህ፣ በእኛ ኮምፒውተርና በእኛ መብራት፣ በስክሪፕት (በፓይተን በተጻፈ አጭር የትእዛዝ ፋይል) የሠራችሁት የሚረባ ነገር ምንድን ነው? «መማር ጥሩ ነው፣ በርቺ» የሚል መልስ ይቅርብኝ። እሱን ከቤተሰብ አገኛለሁ።

ቦርከና ማዶ፦
እህቴ፣ የጠቀስሽው ሥራ ራሱ ነው የፓይተን ቦታ። እኔ ኮምቦልቻ የመጋዘን ሂሳብ ላይ ነኝ። ወር በገባ ቁጥር ከየክፍሉ የገቢና ወጪ ፋይል ይመጣል። ድሮ አንድ በአንድ እየከፈትኩ ኮፒ ፔስት ነበር። አሁን ሁሉንም አንድ ፎልደር ውስጥ እጥላቸዋለሁ። ስክሪፕቱ በየተራ ይከፍታል፣ አንድ ሠንጠረዥ ያደርጋቸዋል፣ በዕቃ ዓይነት ይደምራል። የምጠቀመው «ፓንዳስ» የሚባለውን ላይብረሪ (ተዘጋጅቶ የሚጫን የኮድ ስብስብ) ነው። የኤክሴል ፋይል እንዲያነብልሽ «ኦፕንፓይኤክስኤል» የሚባለውንም አብረሽ መጫን አለብሽ።

ሁለት ነገር ልምከርሽ። ስክሪፕቱ ዋናውን ፋይል እንዳይነካ። ያነብባል፣ ውጤቱን ሌላ ፎልደር ውስጥ በአዲስ ስም ያስቀምጣል፣ አለቀ። ሌላው፣ ሲያዋህድ እያንዳንዱ ረድፍ ከየትኛው ፋይል እንደመጣ የሚናገር አንድ አምድ ይጨምር። አለቃሽ ስብሰባ መሀል «ይሄ ቁጥር ከየት መጣ?» ሲልሽ ፋይል ስትበረብሪ አትገኚም።

ባቲ ሰኞ፦
አቦ አታካብዱ! ይህን ኤክሴል ውስጥ ያለው ፓወር ኩዌሪ ይሠራዋል። ፎልደሩን ምረጥ፣ አዋህድ በል፣ ጨረስክ። አንድ መስመር ኮድ የለበትም። እኔ ነጋዴ ነኝ። ኮድ ስጽፍ ውዬ ገበያው ተበትኖ ልድረስ?

ቦርከና ማዶ፦
እውነትህን ነው ወንድሜ፣ ፓወር ኩዌሪ ያለው ሰው ይጠቀምበት። ግን ከኤክሴል ጋር አብሮ የመጣው ከ2016 ወዲህ ነው። በ2010 እና በ2013 ለብቻው ይጫናል። 2007 ላይ የቀረ ቢሮ ደግሞ ስንት አለ መሰለህ። ደግሞ የእሷ ችግር ማዋሃዱ ብቻ አይደለም። ስሙ ነው ጉዱ።

ወረኢሉ ልጅ፦
ስሙ ላይ እኔ ልግባ፣ መከራዬን ያየሁበት ነገር ስለሆነ። ዩኒቨርሲቲ ለመመረቂያ ጽሑፌ መረጃ ሳጸዳ የሠራሁት ነው።

መጀመሪያ ሞክሼ ፊደላቱን አንድ አድርጊ። ሐ እና ኀ ወደ ሀ፣ ሠ ወደ ሰ፣ ዐ ወደ አ፣ ፀ ወደ ጸ፣ ከነዘራቸው። ሀ እና ሃን፣ አ እና ኣንም አትርሺ። ይህ በፓይተን አንድ የመተኪያ ሠንጠረዥ ነው፣ አንዴ ከጻፍሽው ዕድሜ ልክ ያገለግላል። ትርፍ ክፍት ቦታውን አጥፊ። «ገ/ማርያም» እና «ገብረ ማርያም»፣ «ወ/» እና «ወልደ» አንድ እንዲሆኑ አድርጊ።

ግን ይህን ሁሉ የሰውዬው ስም ላይ እንዳታደርጊው! ስሙ ሰውዬው እንደጻፈው ይቆይ። የተስተካከለውን «የማወዳደሪያ ስም» በሚል ሌላ አምድ አስቀምጪው። ሰው ስሙ በ«ሠ» ከሆነ በ«ሠ» ነው።

ይህን ካደረግሽ በኋላም ወሎ ውስጥ አንድ ስም አያስተኛሽም፦ መሐመድ። መሀመድ፣ ሙሐመድ፣ ሙሃመድ፣ ሞሐመድ። ሐውን አንድ ብታደርጊውም መ፣ ሙ እና ሞ ይቀራሉ። ፓይተን «ዲፍሊብ» የሚባል የተመሳሳይነት መለኪያ አብሮት ይመጣል፤ ከ0 እስከ 1 ነጥብ ይሰጣል። ለእንግሊዝኛ ደህና ነው። ለእኛ ግን አንድ ፊደል ሙሉ ክፍለ ቃል ስለሆነ ቅጣቱ ይበዛል። መሐመድ እና ሙሐመድ 0.75 ብቻ ነው የሚያገኙት።

መላው እንዲህ ነው። ዩኒኮድ (ለየፊደሉ ቁጥር የሚሰጠው የኮምፒውተር ሥርዓት) ውስጥ የግዕዝ ፊደል የሚጀምረው 4608 ላይ ነው። መደበኛዎቹ ፊደላት እያንዳንዳቸው 8 ቦታ ይዘው በተራ ተቀምጠዋል። የፊደሉን ቁጥር ወስደሽ 4608 ቀንሺ፣ ለ8 አካፍዪና ቀሪውን ጣዪ። የሚወጣው የፊደሉ ቤት ነው። መ፣ ሙ እና ሞ ሁሉም 3 ይሆናሉ። እንዲህ ሲሆን መሐመዶቹ በሙሉ አንድ መለያ ይይዛሉ።

ቦርከና ማዶ፦
ማሻአላህ! ይህን እኔም አላውቀው። ግን ቆይ፣ «ማህሙድ»ስ? እሱም ያው መ፣ ሀ፣ መ፣ ደ አይደለም እንዴ?

ወረኢሉ ልጅ፦
ነው እንጂ። ማህሙድና መሐመድ አንድ ላይ ይገባሉ። ለዚህ ነው መለያው ተጠርጣሪ ለማውጣት እንጂ ለመፍረድ አይሆንም የምለው። ስክሪፕቱ «እነዚህ ሰዎች አንድ ሳይሆኑ አይቀሩም» የሚል ዝርዝር ያውጣ። የሚወስነው ሰው ነው። የአባትና የአያት ስም፣ ቀበሌ፣ ስልክ ይታያል። መሐመድ ሰይድ የሚባል ሰው አንድ ቀበሌ ውስጥ ብቻ ስንት እንዳለ ለወሎ ሰው አልነግርም።

ስልክ ካነሳሁ አይቀር፣ ኤክሴል የስልክ ቁጥርን እንደ ተራ ቁጥር እያየ መጀመሪያ ያለችውን ዜሮ ይበላታል። ሌላው ፋይል በ+251 ጽፎታል። ሌላው በ09 ወይም በ07። ስክሪፕትሽ ሁሉንም የመጨረሻ ዘጠኝ አሃዝ ብቻ አስቀርቶ ያወዳድር። ፓንዳስ ሲያነብም አምዱን «ጽሑፍ ነው» ብለሽ ንገሪው፣ አለበለዚያ እሱም ይበላታል።

የጦሳዋ፦
እግዜር ይስጥልኝ፣ ሁለታችሁንም። ማዋሃዱን ሞከርኩት፣ ሠራ። ግን ውጤቱን ሲኤስቪ (በኮማ የተከፋፈለ ተራ የጽሑፍ ፋይል) አድርጌ ሳስቀምጥና በኤክሴል ስከፍተው አማርኛው በሙሉ እንግዳ ምልክት ሆነ። ኖትፓድ ላይ ደህና ነው። ምን አድርጌ ነው?

መምህር ዘወልድያ፦
አንቺ ምንም አላደረግሽም። ኤክሴል ነው። ፋይሉ ዩቲኤፍ-8 (ዩኒኮድ ፋይል ላይ የሚጻፍበት መንገድ) መሆኑን የሚነግረው ምልክት መጀመሪያው ላይ ካላገኘ በራሱ ግምት ይከፍተዋል። ፓይተን ላይ ስታስቀምጪ ኢንኮዲንጉን «ዩቲኤፍ-8-ሲግ» በዪው። ያቺን ምልክት ይጨምርልሻል። አብሽሪ፣ አማርኛ የሚጽፍ ሰው ሁሉ አንድ ቀን የሚወድቅባት ጉድጓድ ናት።

ወይም ሲኤስቪውን ተይውና በቀጥታ የኤክሴል ፋይል አድርጊው።

ባቲ ሰኞ፦
መምህር፣ እኔም አንድ የቆየ ፋይል አለኝ። ኮምፒውተር ስቀይር አማርኛው የእንግሊዝኛ ፊደልና ነጥብ ቅልቅል ሆኖ ቀረ። ይሄም በዚሁ ይድናል?

መምህር ዘወልድያ፦
አይድንም ወንድሜ፣ ያ ሌላ በሽታ ነው። ግዕዝ ዩኒኮድ ውስጥ የገባው በ1999 እ.ኤ.አ. በወጣው 3.0 ነው። ከዚያ በፊት፣ ብዙ ቦታ ደግሞ ከዚያም በኋላ፣ በየፎንቱ የራሱ ዘዴ ነበር የሚጻፈው። ፋይሉ ውስጥ ያለው የእንግሊዝኛ ኮድ ነው፤ ፎንቱ ነው አማርኛ አስመስሎ የሚያሳየው። የዚያን ፎንት የመተርጎሚያ ሠንጠረዥ ካገኘህ ስክሪፕት ሺህ ገጽ በአንድ ጊዜ ይቀይርልሃል። ሠንጠረዡ ከሌለህ ፎንቱን ፈልገህ ጫንና አንድ ገጽ ከፍተህ ራስህ አዘጋጀው። የትኛው ኮድ የትኛው ፊደል እንደሆነ መጻፍ ነው፤ አሰልቺ ነው ግን አንዴ ነው።

የኔን ሥራ ላውራችሁ። ሮስተር። የክፍል ኃላፊ የሆነ መምህር ሁሉ ያውቀዋል፣ ሴሚስተር ሲያልቅ እንቅልፍ የለም። ከየትምህርት ዓይነቱ መምህር ውጤት ይመጣል፣ ድምር፣ አማካይ፣ ደረጃ። ኤክሴል ይህን ይሠራል፣ አልክድም። እኔ በፓይተን የማደርገው ከዚያ በኋላ ያለውን ነው። ለእያንዳንዱ ተማሪ የተሞላ የውጤት ካርድ ያወጣልኛል። ከ50 በታች ያመጡትን ወንድና ሴት ለይቶ ለርዕሰ መምህሩ ይቆጥርልኛል። ውጤት ያልገባለትን ተማሪ ደግሞ ዜሮ ከማድረግ ይልቅ «የእንትና ትምህርት ውጤት አልመጣም» ብሎ ይዘረዝርልኛል። ከሁሉ የምወደው ይህን ነው። ባዶ ቦታን ዜሮ ብሎ የሚደምር ሠንጠረዥ ልጅን ይጥላል።

እኩል ያመጡ ልጆች ጉዳይ አለላችሁ። ሁለት ልጆች 2ኛ ከወጡ ቀጣዩ 3ኛ ነው ወይስ 4ኛ? ፓንዳስ ሁለቱንም ያውቃል፣ የትኛውን እንደምትፈልግ ግን መንገር አለብህ። ትምህርት ቤቱ የሚከተለውን ጠይቁ። ወላጅ ጋር ያለው ክርክር ከኮዱ ይከብዳል።

ላስታ፦
ከላሊበላ። እኔ የእንግዳ ማረፊያ ላይ ነኝ። እኛን የሚገድለን ቀን ነው። እንግዳው በፈረንጅ ቀን ይይዛል፣ ወጥ ቤቱና ጥበቃው በአበሻ ቀን ይሠራል። በየቀኑ በቃል ማስላት ሰለቸኝና ስክሪፕት ሠራሁ። በይነመረብ አያስፈልገውም። ቀመሩን ላስቀምጥላችሁ፣ የጦሳዋም ለሪፖርቷ ትፈልገዋለች።

ከኢትዮጵያ ዓመት ላይ 1 ቀንሱና በ365 አባዙ። ዓመቱን ራሱን፣ 1 ሳትቀንሱ፣ ለ4 አካፍሉና ሙሉ ቁጥሩን ብቻ ደምሩበት። ከወሩ ላይ 1 ቀንሳችሁ በ30 አባዙና ደምሩ። ከቀኑ ላይ 1 ቀንሳችሁ ደምሩ። በመጨረሻ 2796 ደምሩ። የሚወጣው ቁጥር ፓይተን ቀን የሚቆጥርበት ቁጥር ነው። «ፍሮም ኦርዲናል» ለሚባለው ትእዛዝ ስትሰጡት የፈረንጁን ቀን ይመልስላችኋል።

ፈትሹት። መስከረም 1 ቀን 2016ን ብትሰጡት 738775 ይወጣል። ያ ሴፕቴምበር 12 ቀን 2023 እ.ኤ.አ. ነው። ልክ ነው፣ የ2015 ጳጉሜን 6 ነበረችና አዲስ ዓመቱ በፈረንጁ በአንድ ቀን ተገፍቷል። መስከረም 1 ቀን 2017 ደግሞ ወደ 11 ይመለሳል።

ይህቺ አንድ ቀን እኛ ጋ ቀልድ አይደለችም። በዮሐንስ ዘመን፣ ማለትም ጳጉሜን 6 ከሆነች በኋላ በሚገባው ዓመት፣ ገና የሚከበረው ታኅሣሥ 28 ነው። በሌሎቹ ሦስት ዓመታት 29። ሆቴሉ በሚሞላበት ሳምንት በአንድ ቀን መሳሳት ማለት እንግዳ ከነሻንጣው በረንዳ ላይ ነው። «ሰባት ዓመት ስምንት ቀን» እያሉ በቃል የሚያሰሉ እዚህ ላይ ነው የሚወድቁት።

ሰዓቱ ቀላል ነው፣ ስድስት ሰዓት ነው ልዩነቱ። ግን ሌሊት ላይ ተጠንቀቁ። ለኛ «የማክሰኞ ሌሊት 8 ሰዓት» የሆነው ለእነሱ ረቡዕ ገብቷል። ስክሪፕታችሁ ሰዓቱን ብቻ ቀይሮ ቀኑን ከተወው መኪናው በማግስቱ ነው ኤርፖርት የሚደርሰው።

የጦሳዋ፦
ላስታ፣ ቀመሩን ገልብጬዋለሁ። ከፈረንጅ ወደ አበሻስ?

ላስታ፦
ያንኑ ወደ ኋላ መሄድ ነው። የእኔ ሰነፍ መንገድ ልንገርሽ። ስክሪፕቱ የአሥር ዓመቱን ቀን በሙሉ በዚያው ቀመር አስልቶ መዝገብ ላይ ያስቀምጣል፣ ከዚያ በፈረንጁ ቀን ይፈልጋል። ከ4000 የማይበልጥ መስመር ነው። ኮምፒውተሩ ዓይኑን አያሽም።

የቅሬ ጸሐፊ፦
ልጆች፣ እንደምን ዋላችሁ። እኔ ጡረተኛ ነኝ፣ ፓይተን የሚባለውን በስሙ ነው የማውቀው። የሠፈራችን ቅሬ (እድር) ጸሐፊ ነኝ። ልጄ በስልኬ ላይ አንድ ነገር ሠርቶልኛል። መዋጮውን ማን ከፈለ፣ ማን ስንት ወር አለበት፣ ለቀብር የወጣው ስንት ነው፣ ይነግረኛል። ስብሰባ ከመድረሱ በፊት አንዴ እነካውና ዝርዝሩ ይወጣል። ደብተሬን ግን አልጣልኩም። አባል ፊት የሚገለጠው ደብተሩ ነው።

ጥያቄዬ ይህ ነው። ያለበትን ሰው በስብሰባ ስሙን መጥራት ነውር ሆኖብኛል። ለየብቻው በስልኩ መልእክት እንዲደርሰው ማድረግ ይቻላል?

ወረኢሉ ልጅ፦
ጋሼ፣ ይቻላል። ልጅዎ የሠራልዎ ምናልባት «ፓይድሮይድ» በሚባለው የአንድሮይድ መተግበሪያ ነው። «ተርመክስ» የሚባል ሌላ አለ። ከአጋዥ መተግበሪያው ጋር ሲጫን ስክሪፕቱ ከራስዎ ስልክ አጭር መልእክት መላክ ይችላል። ሒሳቡ ግን ከእርስዎ ካርድ ነው የሚቆረጠው፣ ያንን ቅሬው ይክፈልዎት። አባላቱንም አስቀድመው «በመልእክት ላስታውሳችሁ ወይ?» ብለው ይጠይቁ።

አንድ ነገር ይጨምሩ። መልእክቱ ከመላኩ በፊት ስክሪፕቱ ዝርዝሩን ያሳይዎትና «እሺ» እስኪሉት ይጠብቅ። ትናንት ሐዘን የደረሰበት ሰው ዛሬ «ሁለት ወር አለብህ» የሚል መልእክት ቢደርሰው ኮምፒውተሩን ማን ይወቅሳል? እርስዎን ነው።

የቅሬ ጸሐፊ፦
ተባረክ ልጄ። ይህቺን የመጨረሻዋን ለልጄ አነብብለታለሁ።

ኩታበር መንገድ፦
ቅሬ ከተነሳ እቁብስ? እኛ ዕጣውን በፓይተን እናውጣው ብዬ ሐሳብ አቀረብኩ። የዕጣ ማውጫ ትእዛዝ አለው፣ ሁለት መስመር ነው። ሰዎቹ ግን ሳቁብኝ።

ባቲ ሰኞ፦
ደግ አደረጉ! እኔ እንኳን አልቀበልህም። ዕጣ ማለት ወረቀቱ ተጠቅልሎ፣ ጣሳው ተነቅንቆ፣ ሕፃን ልጅ ሲያወጣው በዓይን ማየት ነው። ስልክህ ውስጥ ስምህ ብቻ እንዳልተጻፈ በምን አውቃለሁ?

ወረኢሉ ልጅ፦
ከባቲ ሰኞ ጋር ተስማምቼ አላውቅም፣ እዚህ ላይ ግን እስማማለሁ። ሒሳቡን በስክሪፕት ያዙ፣ ዕጣውን ለጣሳው ተዉት።

ሐይቅ ዳር፦
ፎቶ ቤት አለኝ፣ ሐይቅ ከተማ። ስለ ኮድ ብዙ አላውቅም፣ ሁለት ስክሪፕት ብቻ ነው ያለኝ፣ ሁለቱም እንጀራዬን ያቀልሉኛል። አንዱ «ፒሎው» በሚባለው ላይብረሪ የሰርግ ፎቶ ፎልደር ይሰጠዋል፣ ሁሉንም አሳንሶ፣ የፎቶ ቤቱን ስም ጥግ ላይ አትሞ፣ በቴሌግራም የሚላክ ሌላ ፎልደር ያወጣል። ትልልቁ ሳይነካ ይቀመጣል። ማታ አስጀምሬው እሄዳለሁ።

ሌላኛው ድግግሞሽ ይፈልጋል። የሰው ፍላሽ፣ የሰው ሚሞሪ ካርድ ስንገለብጥ አንድ ፎቶ አምስት ቦታ ይቀመጣል፣ ስሙ ብቻ የተለያየ። ስክሪፕቱ የእያንዳንዱን ፋይል አሻራ፣ ከይዘቱ የሚሰላ መለያ፣ ያወጣል። አሻራው አንድ ከሆነ ስሙ ቢለያይም ፋይሉ አንድ ነው። እኔ ግን አጥፋ አልለውም። «የተደገመ» ወደሚባል ፎልደር ይወስዳቸዋል፣ አይቼ ነው የማጠፋው። የሰው ሰርግ አይመለስም። ቤት ውስጥ ስልኩ በቴሌግራም ፎቶ የሞላበት ሰው ሁሉ ይህን ይሞክር።

አንድ ማሳሰቢያ፦ በስልክ ተልኮ የመጣ ፎቶ ብዙ ጊዜ እየተጨመቀ ስለሚመጣ አሻራው ከዋናው ይለያል። ዓይን ሲያየው አንድ ነው፣ ማሽኑ ግን ሁለት ይለዋል።

ኩታበር መንገድ፦
የቢሮ ኮምፒውተሬ ዊንዶውስ 7 ነው። አዲሱ ፓይተን አልጫንም አለኝ። ተስፋ ልቁረጥ?

ወረኢሉ ልጅ፦
ለምን ትቆርጣለህ? ዊንዶውስ 7 ላይ የሚሠራው የመጨረሻው ፓይተን 3.8 ነው። ከ3.9 ጀምሮ አይቀበልም። 3.8ን አውርድ፣ እስካሁን እዚህ ለተወራው ሁሉ ይበቃል። ስትጭን የመጀመሪያው ገጽ ታች ላይ ስለ «ፓዝ» የምትጠይቅ ትንሽ ሳጥን አለች፣ ምልክት አድርግባት። ሰው ሁሉ ያልፋትና «ፓይተን አይታወቅም ይለኛል» እያለ ይመጣል።

ኢንተርኔት ለሌለው ቢሮ፦ ላይብረሪዎቹን ኢንተርኔት ያለበት ኮምፒውተር ላይ በፓይተን የላይብረሪ ማውረጃ ትእዛዝ፣ በ«ፒፕ ዳውንሎድ»፣ አውርደህ በፍላሽ መውሰድ ይቻላል። የሚወርደው ግን ኢንተርኔት ከሌለው ኮምፒውተር የፓይተን ቁጥር ጋር መግጠም አለበት።

ሌላ፣ ዩቲዩብ ላይ «ፕሪንት» ሲል ያለ ቅንፍ የሚጽፍ ትምህርት ካየህ ዝለለው። ፓይተን 2 ነው። 3 የወጣው በ2008 ነው፣ የ2 ድጋፍ ደግሞ በ2020 መግቢያ ላይ ቆሟል፣ ሁሉም በፈረንጁ። ለእኛ ልዩነቱ ትልቅ ነው። 3 ላይ ጽሑፍ ሁሉ ዩኒኮድ ስለሆነ አማርኛ ያለ ጭንቅ ይሠራል። በ2 አማርኛ መጻፍ መከራ ነበር።

ቦርከና ማዶ፦
መብራትንም አንርሳ። ረጅም ሥራ ከሆነ ስክሪፕቱ አንድ ፋይል በጨረሰ ቁጥር ውጤቱን ይጻፍ፣ የጨረሰውንም ስም ይመዝግብ። መብራት ሄዶ ሲመጣ ካቆመበት ይቀጥላል። ሁሉንም ሠርቶ መጨረሻ ላይ አንዴ የሚጽፍ ስክሪፕት ለሌላ አገር ነው።

ኩታበር መንገድ፦
እኔ እኮ ኮዱን ለቻትጂፒቲ ነው የማጽፈው። ለምን ትለፋላችሁ?

መምህር ዘወልድያ፦
አጽፈው፣ ማን ከለከለህ? ግን የገበሬውን ስምና ስልክ፣ የተማሪውን ውጤት እዚያ ላይ አትለጥፍ። የአምዶቹን ርዕስና ሁለት የውሸት ረድፍ ብትሰጠው ይበቃዋል። የሰጠህን ኮድ ደግሞ መልሱን በምታውቀው ትንሽ ፋይል ሞክረው። ከማዋሃድህ በፊት ረድፎቹን ቁጠር፣ ካዋሃድክ በኋላም ቁጠር። ካልገጠመ ሪፖርቱን አትላክ። ይህንን ለማወቅ ኮድ ማንበብ አያስፈልግም።

ባቲ ሰኞ፦
እሺ ተሸነፍኩ እንበል። እኔ ሱቅ አለኝ። ከአዲስ አበባ የሚመጣው ዕቃ ዋጋው ሲጨምር የመሸጫውን ዋጋ እንደገና ማስላት ነው። 15 በመቶ ተጨማሪ እሴት ታክሱን፣ ማጓጓዣውን፣ ትርፌን ደምሮ። ለዚህ ምን ዓይነት ፓይተን ልማር?

ቦርከና ማዶ፦
ለዚህ ኤክሴል ይበቃሃል።

ባቲ ሰኞ፦
ኧረ በአላህ!

ቦርከና ማዶ፦
ወላሂ። አንድ ገጽ፣ አራት አምድ፣ አንድ ቀመር። ፋይሉ አንድ ከሆነ፣ ሠሪው አንድ ሰው ከሆነና ስሌቱ በዓይን የሚታይ ከሆነ ስክሪፕት ትርፍ ነው። ዋጋው ከብዙ አቅራቢ በብዙ ዓይነት ፋይል መምጣት ሲጀምር ያኔ ና።

ደመወዝ ላይ ግን እኔ ስክሪፕት እመርጣለሁ። ከሠራተኛው 7 በመቶ፣ ከአሠሪው 11 በመቶ የጡረታ መዋጮ፣ ከዚያ የሥራ ግብሩ በየእርከኑ። የግብር እርከኑን ኮዱ ውስጥ አትቅበሩት። ለብቻው ትንሽ ሠንጠረዥ ላይ አስቀምጡት። አዋጅ ሲሻሻል ሠንጠረዡን ብቻ ትቀይራላችሁ፣ ኮዱን የጻፈው ልጅ ሥራ ለቅቆ ቢሄድም።

የጦሳዋ፦
ለሁላችሁም የደረስኩበትን ልንገራችሁ። ፋይሎቹ ተዋህደዋል፣ የረድፉ ቁጥር ገጥሟል። በወረኢሉ ልጅ መለያ የተደጋገሙ የሚመስሉ ገበሬዎች ዝርዝር ወጥቶ ከልማት ጣቢያ ሠራተኞች ጋር አይተነዋል። አብዛኛው እውነት ድግግሞሽ ነው። የተወሰኑት ግን አባትና ልጅ ሆነው ተገኙ፣ በአያት ስም የተጠሩ።

የቀረኝ ጥማዱ ነው። በልማድ 4 ጥማድ 1 ሄክታር ነው ይባላል፣ ስክሪፕቱ ለ4 ያካፍል ብዬ ነበር። ግን አንዳንዱ ፋይል መለኪያውን ጭራሽ አልጻፈም። 2 ሲል ሁለት ምን?

መምህር ዘወልድያ፦
አትገምቺ። ስክሪፕቱም አይገምት። መለኪያ የሌለውን ረድፍ ለይቶ በቀበሌ በቀበሌ ያውጣልሽና ለላኩት መልሺላቸው።

ቦርከና ማዶ፦
ለሚቀጥለው ደግሞ ባዶ ቅጽ አዘጋጅተሽ ላኪላቸው። ኤክሴል ላይ «ዳታ ቫሊዴሽን» የሚባል አለ። የሰብሉን ስምና መለኪያውን ከዝርዝር ብቻ እንዲመርጡ ያደርጋቸዋል፣ እንደፈለጉ መጻፍ አይችሉም። የቀበሌ ስምም እንዲሁ። ግማሹ የስክሪፕትሽ ሥራ እዚያው ያልቃል። እኔ ከየክፍሉ የሚመጣውን ቅጽ አንድ ካደረግኩ በኋላ ከጻፍኩት ኮድ ብዙውን አጥፍቼዋለሁ።

የጦሳዋ፦
ቅጹን ላክሁላቸው። አንዱ ቀበሌ ፕሪንት አድርጎ፣ በእስክሪብቶ ሞልቶ፣ ፎቶ አንስቶ በቴሌግራም መለሰልኝ። ወረኢሉ ልጅ፣ ለዚህስ ስክሪፕት አለህ?

ወረኢሉ ልጅ፦
«ቴሰራክት» የሚባል ምስል ወደ ጽሑፍ የሚቀይር ነፃ ፕሮግራም አለ፣ አማርኛም ያውቃል። ግን የታተመ አማርኛ ነው፣ ጥርት ያለ። የእጅ ጽሑፍ ላይ አትመኚው። ደውይለት።